ከጥገና በኋላ ስለሚቀር የዋጋ ጉድለት

የተገጨ መኪና ተጠግኖም የገበያ ዋጋው ቢቀንስ ልዩነቱ ይካሳልን? በእሪ በከንቱ ቁልቁለት የቆመ መኪና ተገጨ እንበል። በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2081 መሠረት የገጪው ተሽከርካሪ ባለንብረት ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው። ቁጥር 2091 ደግሞ ካሣው ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል እንዲሆን ያዛል። ከአደጋው በፊት 900,000 ብር ያወጣ የነበረው መኪና በ150,000 ብር ተጠግኖ 840,000 ብር ቢያወጣ፣ ጠቅላላ ጉዳቱ 210,000 ብር ነው። ዋጋው ሳይጠገን ባለበት ሁኔታ ከተገመተ ግን የጥገናው ወጪ ሁለት ጊዜ ይቆጠራል። የጉድለቱን ልክ በትክክል ማወቅ ካልተቻለ ዳኞች በቁጥር 2102 መሠረት በርትዕ ይወስናሉ። ስለዚህ የጥገና ደረሰኝ ብቻውን የጉዳቱ ሙሉ ልክ ተደርጎ ሊወሰድ አይገባም።