ሄዶ የሚመለስ ዱላ

ዱላ ከእጅ ከወጣ ተመልሶ አይመጣም። ውሻ ብናባርርበት ወይም ፍሬ ብናወርድበት፣ ሄደን ካላነሳነው በወደቀበት ይቀራል። ይሁን እንጂ በአየር ላይ ዞሮ ወደ ወርዋሪው የሚመለስ ዱላ አለ። ስሙ ቡመራንግ ይባላል። በዚህ ትምህርት ቡመራንግ ምን እንደሆነና ሳያውቁ የሚወረውሩት ሰዎች ምን እንደሚደርስባቸው እንመለከታለን።

ቡመራንግ ይበልጥ የታወቀው በአውስትራሊያ ነው። አውስትራሊያ ከሕንድ ውቅያኖስ ማዶ ያለች ሰፊ አገር ናት። የአገሩ ነባር ሕዝብ ከጥንት ጀምሮ ይሠራበታል። እ.ኤ.አ. በ1973 በደቡብ አውስትራሊያ፣ ዋይሪ በሚባል ረግረግ ውስጥ፣ ከእንጨት የተሠሩ ቡመራንጎች ተገኝተዋል። ዕድሜያቸው 10 ሺህ ዓመት ያህል ነው።

ቡመራንግ ሁሉ አይመለስም። ለአደን የሚሆነው ከባድ ነው። ቀጥ ብሎ ሄዶ አውሬውን ይመታና እዚያው ይቀራል። የሚመለሰው ቀለል ያለው ነው። እሱም ለጨዋታ ይጠቅማል፤ ቀድሞ ወፍም ይጠመድበት ነበር። አዳኞቹ በውሃ ዳር መረብ ይዘረጉ ነበር። ዳክዬዎች ሲበሩ ከበላያቸው ቡመራንግ ይወረውሩ ነበር። ዳክዬዎቹም ጭልፊት የመጣባቸው መስሏቸው ዝቅ ብለው ሲሸሹ መረቡ ውስጥ ይገቡ ነበር።

ታዲያ ለምን ይመለሳል? ቡመራንግ እንደታጠፈ ክንድ ያለ ነው። ሁለት ክንፎች አሉት። አንዱ ፊቱ ለጥ ያለ፣ ሌላው ጎበጥ ያለ ነው። ቆሞ ሲወረወር እየተሽከረከረ ይሄዳል። ከላይ ያለው ክንፍ ወደ ፊት ሲሄድ ከታች ያለው ወደ ኋላ ይመለሳል። ስለዚህ የላይኛው ክንፍ አየሩን በበለጠ ፍጥነት ይቀዝፋል። አየሩም የላይኛውን አብልጦ ይገፋዋል። ይህ ግፊት ቡመራንጉን ሊጥለው ይሞክራል፤ የሚሽከረከር ነገር ግን በቀላሉ አይወድቅም። ልጆች ጎማ ሲነዱ አስተውሉ። ጎማው እየተሽከረከረ ወደ ግራ ቢያዘነብል ወዲያው አይወድቅም፤ ወደ ግራ ይዞራል። ቡመራንግም እንደዚሁ እየዞረ ክብ ሠርቶ ይመለሳል።

ይህን ያላወቀ ወርዋሪ ጉድ ይፈላበታል። እኛም አንድ ቀን ነገሩ ቀላል መስሎን ከሳንቃ ሁለት ጠርበን ወደ ግጦሽ ሜዳ ወጣን። የመጀመሪያው ጓደኛችን እንደ ሰፌድ አጋድሞ ወረወረው። ሽቅብ ወጣ፣ ወጣ፣ ከዚያ ቁልቁል ተምዘገዘገ። ጓደኛችን ወደ ቀኝ ሮጠ፤ ወደ ግራ ሮጠ። በመጨረሻም እግሩ ሥር መጥቶ ተተከለ።

ሁለተኛው ደህና አድርጎ ወረወረ። ግን እንድናመሰግነው ፊቱን ወደ እኛ አዞረና «አያችሁ?» አለ። ቡመራንጉ በዚያው ቅጽበት ጀርባውን አቀመሰው።

ሦስተኛው ግራኝ ነው። ቡመራንጉ ግን የተጠረበው ለቀኝ እጅ ነበር። ሄደ፤ አልተመለሰም። እሾህ ውስጥ ስንፈልገው ግማሽ ቀን ዋልን።

በኋላ ደግሞ ሁለቱን ባንድ ጊዜ ወረወርን። ሁላችንም አንዱን ስንጠብቅ፣ ሌላው የአንዳችንን ባርኔጣ ይዞ ሄደ። ዳር ቆመው የሚያዩን አንድ አዛውንት «ልጆቼ፣ እናንተ ናችሁ ዱላውን የምትወረውሩት ወይስ ዱላው ነው እናንተን?» አሉን። እኛም ሳቅን፤ እረኞቹም ሳቁ።

ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም። ቀጥሎ የወረወርነው ሊያይ በተጠጋ አንድ ትንሽ እረኛ ጆሮ ሥር ሽው ብሎ አለፈ። ዓይኑን አግኝቶት ቢሆንስ ኖሮ? ያን ቀን ዱላዎቹን ሰብስበን ገባን።

ከዚያ በኋላ ትክክለኛውን አወራወር ተማርን። ሜዳው ሰፊ፣ ዛፍ፣ ሰውና ከብት የሌለበት ይሁን። ነፋስ ከበረታ አይወረወርም። ቡመራንጉን አጋድማችሁ ሳይሆን አቁማችሁ ያዙት። የሚወረውረው ቀኝ እጁ የሆነ ሰው ፊቱን ወደ ነፋሱ አዙሮ፣ ከነፋሱ ወደ ቀኝ ገለል አድርጎ ይወርውር። ባንድ ጊዜ አንድ ብቻ ይወርወር። እስኪመለስ ድረስም ዓይን ከሱ አይነሳ። ሲመለስ በአንድ እጅ ከቀለባችሁት ጣት ይመታል። እንደማጨብጨብ አድርጋችሁ በሁለት መዳፍ ያዙት። በኃይል ከመጣ ግን ዞር በሉለት፤ ይውደቅ።

እንግዲህ ጥፋቱ የዱላው አልነበረም። ዱላው እንደ ተፈጥሮው ሄደ፤ እንደ ተፈጥሮው ተመለሰ። ሥራውን ሳናውቅ የወረወርን እኛ ነን። በመሣሪያ ከመሥራት በፊት ጠባዩን ማወቅ ይገባል። በራሳችን ስህተት መሳቅ ጥሩ ነው፤ ስህተቱ ሰው ሳይጎዳ መማር ግን ይበልጣል።

ጥያቄዎች

1. የማይመለሰው ቡመራንግ ለምን ያገለግላል?
2. ዳክዬዎቹ ለምን ዝቅ ብለው ይሸሹ ነበር?
3. የግራኙ ጓደኛችን ቡመራንግ ለምን አልተመለሰም?
4. እናንተ የምትሠሩበት፣ ጠባዩን ካላወቁት ሰው የሚጎዳ መሣሪያ የትኛው ነው? ተነጋገሩበት።