መጽሐፉን ከመቀየራችሁ በፊት

በጅግጅጋ፣ በቶጎ ውጫሌ፣ በቀብሪ በያህና በሲቲ ዞን ከተሞች የድንገተኛ ሕክምና ለምታስተምሩ መምህራን የቀረበ ማሳሰቢያ

ከጅግጅጋ ወደ ሐረር በሚወስደው መንገድ ላይ አይሱዙ ተገልብጧል እንበል። የረዳቱ ጭን ተቆርጦ ደሙ ይንዠቀዠቃል። በደረሰው አምቡላንስ ውስጥ ሁለት ባለሙያዎች አሉ፤ ከአንድ ኮሌጅ የወጡ ቢሆኑም የተማሩበት ዓመትም መጽሐፍም ይለያያል። አንደኛው ቱርኒኬቱን አጥብቆ አሰረ። ሁለተኛው «እግሩ እንዳይበላሽ በየጊዜው መላላት አለበት» ተብሎ ተምሯልና ሊያላላው እጁን ይዘረጋል። ሁለቱም የሚሠሩት ያጠኑትን ነው፤ ሁለቱም ፈተና አልፈዋል።

ይህን ማሳሰቢያ ያስጻፈኝ ይኸው ነው። አሮጌ መጽሐፍ ይጎዳል፤ በአንድ አምቡላንስ ውስጥ የተገናኙ ሁለት መጻሕፍት ግን የባሰ ይጎዳሉ። መጽሐፍ መቀየር የመምህሩ ወይም የዲፓርትመንቱ የውስጥ ጉዳይ ብቻ ተደርጎ መታየት የሌለበትም ለዚህ ነው።

ሙያው በአገራችን ገና ወጣት ነው። የሰመመን ነርስ የነበረው ክብረት አበበ ቤቱን ሸጦ ጠብታ አምቡላንስን ያቋቋመው እ.ኤ.አ. በ2008 ነበር፤ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የድንገተኛ ሕክምና ስፔሻሊስቶች ሥልጠና የተጀመረውም በ2010 ነው። ለእኛ መንገድና ለእኛ ሕመምተኛ የተጻፈ መማሪያ እስኪበረክት ድረስ እጃችን ላይ የሚገኘው በአብዛኛው የአሜሪካ መጽሐፍ ነው። ብርቱካናማ ሽፋን ያለውና ብዙዎች የሚያውቁት መጽሐፍ መጀመሪያ የታተመው በ1971 ሲሆን፣ 12ኛው እትሙ በ2021 ወጥቷል። መቀየሩ አይቀርም። አቀያየሩ ላይ ግን የሚከተለውን እንድታስቡበት አደራ እላለሁ።

በሥልጠና መሃል መጽሐፍ አትቀይሩ። በመስከረም የጀመረ ባች በጀመረበት መጽሐፍ ይጨርስ። አዲሱ መጽሐፍ ለሕይወት የሚያሰጋ ስህተት አርሞ ከሆነ፣ ያንን ብቻ በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ለነባሮቹም ስጡ። ከዚያ ያለፈው ለሚቀጥለው ባች ይቆይ።

ከመጽሐፉ በፊት የሙያ ደረጃውን አንብቡ። ሠልጣኙ ለብቃት ምዘና (ሲኦሲ) የሚቀመጠው በመጽሐፍ ምዕራፍ ሳይሆን በሙያ ደረጃው ላይ በተዘረዘሩት የብቃት አሃዶች ነው። እያንዳንዱን አሃድ በአንድ ዓምድ፣ አዲሱ መጽሐፍ የሚሸፍንበትን ገጽ በሌላው ዓምድ ጻፉ። ባዶ የሚቀር ረድፍ መኖሩ የታወቀ ነው። ባዶውን በሞጁል ወይም በሃንድአውት የምትሞሉበትን መንገድ ሳታዘጋጁ መጽሐፉን አታጽድቁ። በሙያ ደረጃው ያልተፈቀደ ነገር በመጽሐፉ ውስጥ ስለተገኘ ብቻ ደግሞ እንደ ሥራ አታስተምሩት።

በሁለቱ መጻሕፍት መካከል ያለውን ልዩነት ጻፉት። «አዲሱ የተሻሻለ ነው» ማለት ለማንም አይጠቅምም፤ ምን ተሻሻለ? ከሁሉም በፊት ሊጻፉ የሚገባቸውን ልጥቀስ።

ሲፒአር። እ.ኤ.አ. ከ2005 በፊት የታተመ መጽሐፍ ለአዋቂ 15 ጊዜ ደረት ተጫን፣ 2 ጊዜ ተንፍስ ይላል። ከ2005 ወዲህ 30 በ2 ሆኗል። በ2010 ቅደም ተከተሉ ተለውጦ ደረት መጫን ከትንፋሽ ቀደመ፤ በ2015 ደግሞ ፍጥነቱ በደቂቃ ከ100 እስከ 120፣ የአዋቂው ጥልቀት ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ተብሎ ተወሰነ። ነገር ግን 15 በ2ን ከቦርዱ ጨርሳችሁ አታጥፉት፤ ሁለት ባለሙያዎች ሕፃንን ሲረዱ እስካሁን የሚሠራበት ነው። አዲስ የተወለደ ጨቅላ ደግሞ የራሱ 3 በ1 አለው። በችኮላ «አሮጌው ተሽሯል» የተባለ ተማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ቱርኒኬት። የድሮው ትምህርት ሌላው ሁሉ ካልሠራ በኋላ የሚሞከር የመጨረሻ አማራጭ ያደርገው ነበር። ዛሬ ከእጅ ወይም ከእግር ሕይወት የሚያሰጋ ደም ሲፈስና በመጫን አልቆም ሲል ቶሎ ይታሰራል፣ በመንገድ ላይ አይላላም፣ የታሰረበት ሰዓት ይጻፋል። እዚህ ላይ የትኛውም የውጭ መጽሐፍ የማይነግራችሁ ነገር አለ፤ ሰዓቱ በየትኛው አቆጣጠር ይጻፍ? አንዱ «3:00» ብሎ በኢትዮጵያ ሰዓት ቢጽፍና ተቀባዩ ሐኪም በፈረንጅ ሰዓት ቢያነበው፣ በታሰረ እግር ላይ የስድስት ሰዓት ስህተት ይፈጠራል። አንዱን ምረጡና ከካራማራ ሆስፒታልና ከሼክ ሐሰን ያባሬ ሪፈራል ሆስፒታል የድንገተኛ ክፍሎች ጋር ተስማሙበት። የአሜሪካው መጽሐፍ አጭር መንገድ አስቦ የተጻፈ ስለሆነ፣ ከሁለት ሰዓት በላይ በሚወስድ ጉዞ ስለታሰረው ቱርኒኬት ምን ይደረግ የሚለውንም ሐኪሞቹ አብረው ይወስኑላችሁ።

ኦክስጅን። በቀድሞዎቹ እትሞች ደረቱን ያመመው ሁሉ፣ የተጎዳው ሁሉ በማስክ 15 ሊትር በደቂቃ ይሰጠው ነበር። አሁን በጣት መለኪያው እየታየ ለሚያስፈልገው በሚያስፈልገው ልክ ነው የሚሰጠው። ይህ ለእኛ ከሳይንሱም አልፎ የመድረስና ያለመድረስ ጉዳይ ነው። በ150 ባር የተሞላ ባለ 10 ሊትር ሲሊንደር 1,500 ሊትር ያህል ይይዛል። በ15 ሊትር ከተለቀቀ 100 ደቂቃ ላይ ያልቃል፤ በ4 ሊትር ከስድስት ሰዓት በላይ ይቆያል። ከጅግጅጋ ወደ ሐረር ሕይወት ፋና ሪፈር የተጻፈለት ሕመምተኛ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ አለበት፤ የካራማራ ዳገትና የባቢሌ ከተማ ሳይቀሩ። ተማሪው ይህን ስሌት በራሱ እጅ ሳይሠራ ከክፍል አይውጣ።

የጀርባ ሰሌዳ። የወደቀ ሁሉ ሰሌዳ ላይ ይታሰር የሚለው ትምህርት እ.ኤ.አ. በ2013 በአሜሪካ የድንገተኛና የቀዶ ሕክምና ሐኪሞች ማኅበራት መግለጫ ተገድቧል። ሰሌዳው ለማውጫና ለማንሻ ይጠቅማል፤ ለረጅም ጉዞ ግን ቆዳ ይጎዳል፣ ትንፋሽም ያስቸግራል። ከቶጎ ውጫሌ እስከ ጅግጅጋ በደረቅ ሰሌዳ ላይ ታስሮ የመጣን ሰው ጀርባ ያየ ይረዳኛል።

የእባብ ንክሻ። እግሩን ማሰር፣ መቁረጥ፣ ደሙን መምጠጥ የሚል ገጽ ካገኛችሁ ቅደዱት። የዓለም ጤና ድርጅት የእባብ ንክሻን ችላ ከተባሉ የሐሩር አካባቢ በሽታዎች መዝገብ ያስገባው በ2017 ነው፤ የአሜሪካ መጽሐፍ ለጉዳዩ ትንሽ ቦታ ቢሰጠው አይፈረድበትም፣ እኛ ግን ትንሽ ቦታ ልንሰጠው አንችልም። የተነከሰውን አካል በስፕሊንት ማስቀመጥ፣ ቀለበትና አምባር ማውለቅ፣ ሕመምተኛው እንዳይራመድ ማድረግ፣ ማርከሻው ወዳለበት ፈጥኖ መውሰድ፤ ይኸው ነው።

«ቲቸር፣ የቱን እንጻፍ?» የሚለውን ጥያቄ አትግፉት። ተማሪው የዓለም ጤና ድርጅት፣ ከቀይ መስቀል ዓለም አቀፍ ኮሚቴ ጋር በ2018 ባወጣው መሠረታዊ የድንገተኛ ሕክምና ኮርስ ውስጥ ኤ-ቢ-ሲ-ዲ-ኢ ይማራል፤ በሲፒአር ትምህርት ሲ-ኤ-ቢ ይባላል፤ ስለ አደጋ በሚያስተምረው አዲስ መጽሐፍ ደግሞ ከኤ በፊት ኤክስ ገብቶበት ያገኛል። ሦስቱ አይጣሉም። ሲ-ኤ-ቢ ለማይተነፍስና የልብ ምት ለሌለው ሰው ነው። ኤ-ቢ-ሲ-ዲ-ኢ በሕይወት ያለ ሕመምተኛ የሚመረመርበት ቅደም ተከተል ነው። ኤክስ የሚያንዠቀዥቅ ደም ካለ መጀመሪያ እሱን አቁም ማለት ነው። ይህን በአሥር ደቂቃ አስረድታችሁ፣ ፈተናው የቱን እንደሚጠይቅ በግልጽ ተናገሩ። «ሁሉም ልክ ነው» ብሎ ማለፍ ተማሪውን ግራ አጋብቶ መተው ነው።

የመድኃኒትና የመለኪያ ስሞችን አመሳክሩ። መጽሐፉ ኤፒነፍሪን የሚለው አምፑሉ ላይ አድሬናሊን ተብሎ ተጽፏል፤ አልቡተሮል ያለው ሳልቡታሞል ነው፤ አሴታሚኖፌን ያለው ፓራሲታሞል። ክብደቱ በፓውንድ፣ ሙቀቱ በፋራናይት ከሆነ በኪሎና በሴልሺየስ ለውጣችሁ ስጡ። ተማሪ በጭንቀት ሰዓት ያሰላዋል ብላችሁ አትተዉት።

መጽሐፉ የጎደለውን አስተምሩ። ወሊድ በአሜሪካው መጽሐፍ አንድ ምዕራፍ ነው። የወረዳ አምቡላንሶቻችን ግን ከምንም በላይ የሚመላለሱት እናቶችን ይዘው ነው። ደም መፍሰሱ፣ የእርግዝና ግፊቱ፣ መንገድ ላይ የሚመጣው ልጅ፤ ለእነዚህ ከመጽሐፉ ድርሻ እጥፍ ክፍለ ጊዜ ስጡ። እ.ኤ.አ. የ2016ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ እንዳሳየው፣ በሶማሌ ክልል ከ15 እስከ 49 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ሴቶች 99 በመቶው የተገረዙ ናቸው፤ ብዙዎቹም ብልታቸው የተሰፋ። እንዲህ ያለች እናት አምቡላንስ ውስጥ ምጥ ሲፋፋምባት ባለሙያው ምን ማድረግ እንዳለበት፣ ምን መንካት እንደሌለበት የሚያስተምር ምዕራፍ ከአሜሪካው መጽሐፍ አይጠበቅም። የምታውቀው አዋላጇ ናት። ከሆስፒታል አዋላጅ ጋብዙ፣ ሰዓቷንም ክፈሏት።

«ልብሱን ሙሉ በሙሉ አውልቀህ መርምር» የሚለውንም እንዳለ አታስተላልፉት። ቁስሉ መታየት አለበት፤ የታየውም ወዲያው መሸፈን አለበት። በሴት ሕመምተኛ ዘንድ ሴት ባለሙያ ካለች እሷ ትቅደም፤ ከሌለች ከቤተሰብ አንዲት ሴት አብራ ትቁም። ይህን ያልተማረ ባለሙያ ቤተሰቡ በር ላይ ቢመልሰው ሊፈርድበት አይገባም።

ሌላው በአጭሩ። መጽሐፉ ለሙቀት ምት በረዶ ይላል፤ አይሻና ደወሌ ላይ ውኃ ማርከፍከፍና ማራገብ ነው የሚገኘው። የግሉኮስ ጄል ይላል፤ መዋጥ ለሚችል ሰው በውኃ የተበጠበጠ ስኳር ይሆናል፣ ራሱን ለሳተ ግን ምንም በአፍ አይሰጥም። ደውሉና ሐኪሙን ጠይቁ ይላል፤ ማን ጋ እንደሚደወል ስልኩን ራሳችሁ ጽፋችሁ ስጡ። የሲቲ ዞን ሠልጣኝ ሕመምተኛውን የሚያደርሰው ብዙ ጊዜ ድሬዳዋ ነው፤ የጅግጅጋን ዝርዝር ብቻ አትስጡት።

ርዕስ ገጽ የሌለውን ኮፒ አትጠቀሙ። በቴሌግራም የሚዞረው ፒዲኤፍም ሆነ ፎቶ ኮፒ ቤት የተጠረዘው የየትኛው ዓመት እትም እንደሆነ ካልታወቀ ከመማሪያነት ይውጣ።

ስላይዱን፣ ቼክሊስቱንና የፈተና ጥያቄውን ከመጽሐፉ ጋር አብራችሁ ቀይሩ። መጽሐፉ ተቀይሮ ስኪል ላብ ግድግዳ ላይ የቆየው የድሮ ቼክሊስት ከቀረ ተማሪው የሚያጠናው ግድግዳውን ነው፤ እጁ ዱሚው ላይ የሚሠራው ከፊቱ የተለጠፈውን ስለሆነ።

በሶማሊኛ አለማምዱ። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነው፣ ማብራሪያው በአማርኛ ወይም በሶማሊኛ ሊሆን ይችላል፣ ሕመምተኛው ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚናገረው ሶማሊኛ ነው። የት እንዳመመው፣ መቼ እንደጀመረው፣ ምን እንደወሰደ የሚጠይቀውን ቅጽ አፋቸውን በሶማሊኛ የፈቱ ተማሪዎች ተሰብስበው ያዘጋጁት፤ ሌሎቹም በቃላቸው ይያዙት። አዲስ መጽሐፍ ሲመጣ ይህ ቅጽም አብሮ ይታደስ።

አሁን ከሁሉ በላይ የምለምናችሁን ልበል። በአሮጌው መጽሐፍ የተመረቁትን መልሳችሁ ጥሩ። በወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት አምቡላንስ ላይ፣ በቀይ መስቀል ቅርንጫፍ፣ በሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ያሉ ናቸው፤ ስማቸው በሬጅስትራር አለ። የግማሽ ቀን ስብሰባ፣ የልዩነት ወረቀቱ አንድ አንድ ኮፒ፣ ዱሚ ላይ ልምምድ ይበቃል። ለሹፌሮቹም ቦታ ስጡ፤ ሲፒአር ሲደረግ ሁለተኛው ሰው ብዙ ጊዜ ሹፌሩ ነው። አበል የለም ተብሎ ይህ ከሚቀር፣ መጽሐፉ አንድ ዓመት ዘግይቶ ቢቀየር እመርጣለሁ።

አሮጌውን መጽሐፍ ከቤተ መጻሕፍት አታቃጥሉት፤ ሽፋኑ ላይ «ለማመሳከሪያ ብቻ» የሚል ማኅተም አድርጉበትና ከመማሪያው መደርደሪያ አንሱት። የሚቀጥለውን እትም የምትገመግሙበትንም ወር ከአሁኑ ያዙ። ሐምሌ ይሻላል፤ አዲሶቹ ሠልጣኞች ሳይመዘገቡ የልዩነት ወረቀቱን ለመጻፍ፣ ከሆስፒታሎቹ ጋር ለመነጋገርና ቼክሊስቶቹን ለማሳተም ነሐሴና ጳጉሜ ይቀሯችኋል።