ጠመንጃውና ልዩ ችሎቱ

— ጋሼ፣ ያ የህንድ ተዋናይ ሳንጃይ ደት ክላሽ ይዞ በሽብር ያልተፈረደበት ዝነኛ ስለሆነ ነው አይደል?

— ይቺን የቡና ቤት ወሬ ደግሞ ከየት አመጣሃት! ሠላሳ ዓመት መዝገብ ቤት ስሠራ ያንገበገበኝ ይኼ ነው፤ ሰው ፋይል ሳይከፍት ይፈርዳል። እ.ኤ.አ. ማርች 12 ቀን 1993 ቦምቤይ ላይ ቦምብ በተከታታይ ፈንድቶ 257 ሰው አለቀ። የደት ክስ ከዚያው መዝገብ ጋር ተጣብቆ፣ «ታዳ» በሚባለው የሽብር ሕግ በተቋቋመው ልዩ ችሎት ታየ።

— መሣሪያ መያዙ ከተረጋገጠ ሌላ ምን ቀረ?

— የዚያ ሕግ አንቀጽ 5 ክፉ ነበር። መንግሥት ለይቶ ባስታወቀው አካባቢ ያለ ፈቃድ አውቶማቲክ መሣሪያ የያዘ ሁሉ፣ ምን ሊሠራበት እንደነበር ሳይጠየቅ በሽብር ሕጉ ይቀጣ ነበር። በ1994 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በዚሁ በደት ጉዳይ አንቀጹን አልሻረውም፤ ግን ተከሳሹ መሣሪያው ለሽብር እንዳልታሰበ ማስረዳት ይችላል አለ። ደት «ቤተሰቤን ልጠብቅበት ነው» ብሏል። ወዳጆቹ ጠመንጃውን ሊያጠፉት ሞክረው የተረፈው ዘንግና ሞላ ነበር። በ2007 ዳኛው ከሽብሩ ነፃ አውጥቶ በተራው የጦር መሣሪያ ሕግ 6 ዓመት ፈረደበት፤ በ2013 ወደ 5 ወረደለት።

— ሽብሩ ከወደቀ መዝገቡ ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት አይመለስም?

— የታዳ አንቀጽ 18 ችሎቱ ክሱን ሲቀበል «የኔ አይደለም» ካለ ይላከው ይል ነበር። አንቀጽ 12 ግን አብሮ በቀረበው ሌላ ወንጀል ልዩ ችሎቱ ራሱ እንዲፈርድ ይፈቅድ ነበር። እኔን የሚያበግነኝ ይኼ 12 ነው! ዐቃቤ ሕግ «ሽብር» የምትል ቃል ክሱ ላይ ጣል ካደረገ፣ ማንኛውም ወረዳ የሚያየው የመሣሪያ ክስ 14 ዓመት ልዩ ችሎት ውስጥ ይንከራተት ነበር። ችሎቱ ሥልጣን ማግኘት የነበረበት በጠመንጃው ዓይነት ሳይሆን በታሰበለት ነገር ነው፤ ያ ከሌለ ዳኛው ምን አገባው?

— እኛስ አገር?

— ደርግ በእኛ አቆጣጠር በ1967 በአዋጅ ቁጥር 7 ልዩ የጦር ፍርድ ቤት አቋቁሞ፣ በሳምንቱ 60 ሰው ያለ ፍርድ ረሸነ፤ ዛሬ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 78(4) የመደበኛውን ሥልጣን የሚነጥቅ፣ ሥርዓት የማይከተል ልዩ ፍርድ ቤት ከልክሏል። ወደ ቦምቤይ እንመለስ።

— በዚያው መዝገብ መሣሪያ ቤታቸው ያስቀመጡ አንዲት አሮጊት ግን በታዳ ተፈርዶባቸዋል አሉ።

— ተፈርዶባቸዋል፤ 5 ዓመት።

— ታዲያ የቡና ቤቱ ወሬ…

— የሳቸውን ፋይል አላየሁትም።