የበግን የጉበት ትል ለባላገር በቃልና በሥዕል ስለ ማስረዳት

በደብረ ብርሃን ዙሪያ ያለው ባላገር ኑሮው በገብስና በበግ ነው። አገሩ ደጋ፣ ሜዳውም ረግረግ የበዛበት ስለ ሆነ፣ የጉበት ትል በጉን ያከሳዋል፣ ከመንጋጋውም ሥር ያሳብጠዋል፣ ኋላም ይገድለዋል። የዚህን ትል ነገር የእንግሊዝና የጀርመን ሊቃውንት በ1870ዎቹ ዓመተ ምሕረት መርምረው አገኙት። ነገር ግን እውቀቱ ከእረኛው ልብ ካልደረሰ በጉን አያድነውም።

ትምህርቱ እንዲህ ነው። የትሉ እንቁላል ከበጠጡ ጋር ወጥቶ ውሃ ሲያገኝ ይፈለፈላል፤ ከትንሽ ቀንድ አውጣም ገብቶ ይራባል፤ ከዚያም ወጥቶ በውሃ ዳር ሣር ላይ ይጣበቃል፤ በጉም ሣሩን ሲግጥ ይውጠዋል።

ይህን በቃል ብቻ ቢናገሩት ተረት ይመስላል። ቀንድ አውጣ በግ ገደለ ቢባል የማይስቅ ማን ነው? ስለዚህ አስቀድሞ ለዓይን ማሳየት ይገባል። በገበያ ቀን ወይም ከቅዳሴ መልስ፣ የታመመ በግ ጉበት በሕዝቡ ፊት ይሰንጠቅ፤ ቅጠል የሚመስለውም ትል ሲወጣ ይዩት። ቀንድ አውጣውም ከዚያው ከመንደሩ ምንጭ ተለቅሞ ይቅረብ። ንግግሩ አጭር ይሁን፤ ደዌውም ባላገሩ በሚጠራው ስም ይጠራ። ተናጋሪውም «ገባችሁ ወይ?» ብሎ አይጠይቅ፤ ሁሉ «አዎን» ይላልና። ይልቁንስ አንዱ እረኛ ነገሩን መልሶ እንዲናገር ያድርግ።

የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ፊደል ላልቆጠረ ሰው መጽሐፍ እንደ ሆነ የታወቀ ነው። የሚለጠፈውም ሥዕል እንዲሁ በግን፣ ውሃን፣ ቀንድ አውጣንና ሣርን በተራ ያሳይ። ቀንድ አውጣው ተልቆ ከተሣለ ግን ባላገሩ «እንዲህ ያለ በእኛ አገር የለም» ብሎ ያልፋልና፣ ልኩ በአጠገቡ ይሣል። ከሥሩ የሚጻፈው ምክር አንድ ብቻ ይሁን።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን መስማት ነው። «በጎችህን ከረግረግ አርቅ» ሲባል ባላገሩ «በበጋ ለምለም ሣር ከዚያ በቀር ወዴት አለ?» ይላል። ጥያቄው እውነተኛ ነው፤ መልስ ሳያዘጋጁ መናገር ትምህርቱን ያስንቃል። የረግረጉን ሣር አጭዶ ፈጽሞ ካደረቁ በኋላ ማብላት፣ መድኃኒቱንም የእንስሳት ሐኪም በሚያዝዘው ወራት ማጠጣት እንደሚቻል ይነገረው።

ከአንኮበር በታች ባለው በአፋር ቆላ፣ በ1980ዎቹ ዓመተ ምሕረት የደስታ በሽታን ክትባት ለከብቱ የሰጡት ከአርብቶ አደሮቹ መካከል የተመረጡ ሰዎች ጭምር ነበሩ። ያም በሽታ በ2003 ዓ.ም. ከዓለም ሁሉ መጥፋቱ ታወጀ። እንግዲህ በየወረዳው የተሾማችሁ ክቡራን፣ ባላገሩን ከማዘዝ አስቀድማችሁ አሳዩት፤ ከማሳየትም አስቀድማችሁ ስሙት።