የአስተዳደር ክፍል ስሞችና አመሠራረታቸው

ሰፊ አገር ከአንድ ማእከል ብቻ ሊተዳደር ስለማይችል በየደረጃው ይከፈላል፤ ለየክፍሉም ስም ይወጣለታል። ስሙ የተገኘበት ግሥ፣ ስም አውጪው አገሩን በምን ዐይን እንዳየው ያመለክታል። ለዚህ መንዝን እንመልከት። ቦታው ካለበት ሳይነቃነቅ አድራሻው ደጋግሞ ተለውጧልና።

በ1934 ዓ.ም. በወጣው ድንጋጌ ኢትዮጵያ በጠቅላይ ግዛት፣ በአውራጃ፣ በወረዳና በምክትል ወረዳ ተከፈለች። መንዝ ኋላ «መንዝና ግሼ አውራጃ» ተብሎ በሸዋ ጠቅላይ ግዛት ሥር ይተዳደር ነበር፤ ጎረቤቱ መርሐቤቴም ለብቻው አውራጃ ነበር። «ግዛት» የተገኘው «ገዛ» ከሚለው ግሥ ነው፤ ግዛት ካለ ገዥ አለ። ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ ጠቅላይ ግዛት «ክፍለ ሀገር» ተባለ። የዚህ ግሥ «ከፈለ» ነው። ቃሉ ገዥውን ትቶ ክፍሉ የማን አካል እንደ ሆነ ይናገራል። (ቃሉ ስለ ተለወጠ አገዛዙም በዚያው ልክ ተለወጠ ማለት እንዳልሆነ ልብ በሉ።) በ1980 ዓ.ም. ሸዋ ሲከፋፈል ሰሜን ሸዋ የአስተዳደር አካባቢ ሆነ። በ1984 ዓ.ም. ደግሞ «ክልል» መጣ፤ መንዝም በክልል 3 ውስጥ ገባ። «ከለለ» ማለት ጋረደ፣ አጠረ፣ ለየ ማለት ነውና ይህ ስም የሚያተኩረው በወሰኑ ላይ ነው።

የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 46 ክልሎች በሕዝብ አሰፋፈር፣ በቋንቋ፣ በማንነትና በፈቃድ ላይ ተመሥርተው እንደሚዋቀሩ ይደነግጋል። አንቀጽ 47 የዘረዘራቸው ዘጠኝ ክልሎችን ነበር። ከ2012 እስከ 2015 ዓ.ም. በደቡብ በተደረገው አዲስ አወቃቀር ቁጥራቸው 12 ደርሷል፤ አዲስ አበባና ድሬዳዋ ከእነርሱ ውጭ ናቸው።

ከላይ ያለው ስም እንዲህ ሲፈራረቅ ከታች ያለው ጸንቷል። በአፈ ታሪክ ማማ፣ ላሎና ጌራ የመንዝ ቀደምት አቅኚዎች ናቸው። ዛሬም መንዝ ማማ ምድር፣ መንዝ ላሎ ምድር፣ መንዝ ጌራ ምድር የሚባሉ ወረዳዎች አሉ። «ጌራ ምድር» የአማርኛን ሥርዓት የተከተለ ስም ነው፤ «የጌራ ምድር» ከሚለው «የ» ተጥሎ ዘርፉ ከባለቤቱ ቀድሟል። «ክፍለ ሀገር» ግን የግእዝ ተናባቢ ነው፤ ባለቤቱ «ክፍል» ቀድሞ የመጨረሻ ፊደሉ ወደ ግእዝ «ለ» ተለውጧል። በአማርኛ ሥርዓት «የሀገር ክፍል» እንላለን።

ይህን ማወቅ ማመልከቻ ለመጻፍም ይጠቅማል። የአያቱ የግብር ደረሰኝ «መንዝና ግሼ አውራጃ» የሚል፣ የእርሱ መታወቂያ ግን «መንዝ ጌራ ምድር ወረዳ» የሚል ልጅ፣ ሁለቱ አንድ አገር መሆናቸውን በጽሑፍ ማስረዳት ሊኖርበት ይችላል። በዘመኑ የነበረውን ስም ከነዓመተ ምሕረቱ መጥቀስ፣ ቀጥሎም የዛሬውን መጻፍ ይገባዋል። «ሰሜን ሸዋ» ብሎ ማቆምም አይበቃም። ርእሰ ከተማው ደብረ ብርሃን የሆነ ሰሜን ሸዋ በአማራ ክልል፣ ፍቼ የሆነ ሰሜን ሸዋ ደግሞ በኦሮሚያ ክልል ይገኛልና።

መልመጃ

ሀ. «አስተዳደር» እና «ወሰን» የተገኙባቸውን ግሦች ጻፉ።
ለ. «ቤተ መጻሕፍት» እና «ርእሰ ከተማ» የሚሉትን ተናባቢዎች በአማርኛ ሥርዓት መልሳችሁ ጻፉ።
ሐ. የምትኖሩበት ወረዳ ቀድሞ በየትኛው አውራጃ እንደ ነበረ ሽማግሌዎችን ጠይቃችሁ፣ የሰማችሁትን በአንድ አንቀጽ አቅርቡ።