በምግብ ቤት ሂሳብ ሲከፈል፦ ጥሬ ገንዘብ፣ ካርድ እና የሞባይል ክፍያ

የኮቪድ-19 ወረርሽኝ ወደ አገራችን መግባቱ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተረጋገጠ በኋላ ኅብረተሰቡ ደጋግሞ ካነሣቸው ጥያቄዎች አንዱ የገንዘብ ኖትን የተመለከተ ነበር። ብር ከእጅ ወደ እጅ የሚዘዋወር ነው። ጠዋት ከታክሲ ረዳት የተቀበሉት መልስ ቀትር ላይ ለምሳ ሂሳብ ይከፈላል፤ ማታ ደግሞ ሌላ ሰው ኪስ ውስጥ ያድራል። በዚህም ምክንያት በምግብ ቤት በጥሬ ገንዘብ መክፈል አደገኛ ነው፣ በካርድ ወይም በሞባይል መክፈል ግን ከበሽታው ይከላከላል የሚል አስተሳሰብ ተስፋፍቷል። አስተሳሰቡ በከፊል እውነትነት አለው። ሆኖም ሰውን ሊያዘናጋም ይችላል፤ ብሩን አጥብቆ የፈራ ተመጋቢ ፊት ለፊቱ ያለ ጭምብል ጮክ ብሎ የሚያወራውን ወዳጁን አይፈራምና።

ቫይረሱ በኖትና በካርድ ላይ

በአውስትራሊያ ብሔራዊ የሳይንስ ምርምር ድርጅት የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ ጥናት ቫይረሱ በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በጨለማ ሲቀመጥ በወረቀትና በፕላስቲክ ኖቶች፣ በመስታወትና በማይዝግ ብረት ላይ እስከ 28 ቀን ሊቆይ እንደሚችል አሳይቷል። ሙቀቱ ወደ 40 ዲግሪ ከፍ ሲል ግን ከሁለት ቀን አላለፈም። የመጀመሪያው ቁጥር በየመገናኛ ብዙኃኑ በስፋት ሲነገር ሁለተኛው ብዙም አልተወራለትም። ቤተ ሙከራው የፀሐይ ብርሃን ያልነበረበት፣ የቫይረሱም መጠን ሆነ ተብሎ የበዛበት እንደነበር ማስታወስ ያስፈልጋል። በኪስ የሚዞር፣ ፀሐይና ሙቀት የሚያገኘው ብር ሁኔታው ከዚህ የተለየ ነው።

ከዚህም በላይ ቫይረሱ በአንድ ዕቃ ላይ መገኘቱና ሰውን ማሳመሙ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሕመም ለማስከተል ከኖቱ ወደ ጣት፣ ከጣት ወደ ዓይን፣ አፍንጫ ወይም አፍ በበቂ መጠን መድረስ አለበት፤ በእያንዳንዱም ደረጃ መጠኑ እየቀነሰ ይሄዳል። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2021 ባወጣው ማብራሪያ ቫይረሱ ያረፈበትን ዕቃ አንድ ጊዜ በመንካት የመያዝ ዕድል በጥቅሉ ከ10,000 ከአንድ ያነሰ መሆኑን አስታውቋል። ዕድሉ አነስተኛ ነው፤ ጨርሶ የለም ግን አይባልም፤ እጅን በመታጠብም ይበልጥ ይቀንሳል።

ካርድ ከብር የጸዳ ነው የሚለውም ግምት መሠረት የለውም። ካርድ ፕላስቲክ ነው፤ በ2020 የታተመ ሌላ የቤተ ሙከራ ጥናት በፕላስቲክ ላይ ሕያው ቫይረስ እስከ 72 ሰዓት ሊገኝ እንደሚችል አመልክቷል። የክፍያ ማሽኑን ቁልፎች ደግሞ ከባለ ካርዱ በፊት የከፈሉት ሁሉ ነክተዋቸዋል። በብሪታኒያ ካርድን ወደ ማሽኑ በማስጠጋት ብቻ፣ ቁጥር ሳይነኩ መክፈል የሚቻልበት ጣሪያ እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 1 ቀን 2020 ጀምሮ ከ30 ወደ 45 ፓውንድ ከፍ እንዲል የተደረገውም በከፊል በዚሁ ምክንያት ነው። በአገራችን አብዛኛውን ጊዜ የምስጢር ቁጥር መጫን ግድ ስለሆነ፣ ከፋዩ ቁጥሩን ከጫነ በኋላ እጁን ማጽዳት ይኖርበታል። ቁልፉን ላለመንካት ሲባል የምስጢር ቁጥርን ለአስተናጋጅ መንገር ግን ፈጽሞ አይገባም፤ በአገራችን ካርድ በአብዛኛው ገንዘብ የሚያወጣው በቀጥታ ከባለቤቱ የባንክ ሂሳብ ነውና።

ዋናው አደጋ በጠረጴዛው ዙሪያ

በቻይና ጓንግዡ ከተማ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2020 በአንድ ምግብ ቤት የተከሰተው ሁኔታ ትምህርት ሰጪ ነው። መስኮት በሌለው ክፍል ውስጥ በተጎራባች ሦስት ጠረጴዛዎች የተቀመጡ የሦስት ቤተሰብ አባላት፣ በድምሩ 10 ሰዎች፣ በቫይረሱ ተይዘዋል። በጠረጴዛዎቹ መካከል አንድ ሜትር ያህል ርቀት ነበር፤ አጎራባቾቹ አብረው የቆዩትም ለአንድ ሰዓት ገደማ ነው። አጥኚዎቹ መተላለፉን ያያያዙት በዚያው ክፍል አየሩን ሲያዘዋውር ከነበረው የአየር ማቀዝቀዣ ጋር እንጂ ከገንዘብ ጋር አልነበረም። በምግብ ቤት የሚበላ ሰው ጭምብሉን ያወልቃል፣ ይስቃል፣ ያወራል። ቫይረሱ በዋነኛነት የሚተላለፈው በዚህ መንገድ ነው፤ የቆይታው ጊዜ በረዘመ ቁጥርም አደጋው ይጨምራል።

እንግዲህ የክፍያ ዘዴ መመዘን ያለበት በነካው ዕቃ ብዛት ብቻ ሳይሆን በሚያሳጥረው ወይም በሚያራዝመው ደቂቃ ነው። ተመጋቢው በልቶ ከጨረሰ በኋላ ሂሳብ እስኪመጣ፣ መልስ እስኪመለስ የሚጠብቅበት ጊዜ ለማንም የማይጠቅም ተጨማሪ ቆይታ ነው። እዚህ ላይ የሞባይል ክፍያ ብልጫ አለው። እንደ ሲቢኢ ብር ወይም በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ እንደጀመረው ቴሌብር ባሉ አገልግሎቶች ከፋዩ የሚነካው የራሱን ስልክ ብቻ ነው፤ መልስም አይጠብቅም። ብልጫው የሚገኘው ግን ስልኩ ከባለቤቱ እጅ ካልወጣ ነው። ስልክን ለአስተናጋጅ አሳልፎ ከመስጠት ይልቅ ድርጅቱ የክፍያ ቁጥሩን በግድግዳ ላይ በጉልህ ቢለጥፍ የተሻለ ነው። ኔትወርክ ሲጠፋ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፦ ደንበኛውና አስተናጋጁ በአንድ ማሽን ላይ አጎንብሰው አሥር ደቂቃ ከሚቆሙ ተመጣጥኖ የተዘጋጀ ጥሬ ገንዘብ አስቀምጦ መውጣት ለሁለቱም የሚበጅ ነው። በመስከረም 2013 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው ባለ 200 ብር ኖት መልስ ማብዛቱ ስለማይቀር ዝርዝር ብር ይዞ መሄድ ይመከራል። ኖቱ አዲስ መሆኑ በራሱ ንጹሕ እንደማያደርገውም መዘንጋት አይገባም።

ከሁሉ በላይ ትኩረት የሚሻው ሂሳብ ሲመጣ የሚፈጠረው ግፊያ ነው። ሦስትና አራት ወዳጆች ጭምብላቸውን እንዳወለቁ በአንድነት ይነሣሉ፤ አንዱ የሌላውን እጅ ይይዛል፤ «በሞቴ እኔ ልክፈል» ይባባላሉ። ባህሉ የመከባበር ነው፤ በወረርሽኝ ወቅት ግን «በሞቴ» የሚለው ቃል ከወትሮው የከበደ ትርጉም ሊይዝ ይችላል። ከፋዩን ከመቀመጥ በፊት መወሰን፣ ወይም ብልሆች ከጥንትም እንደሚያደርጉት አንዱ ቀስ ብሎ ቀድሞ ሄዶ መክፈል፣ ክርክሩንም መቀራረቡንም ያስቀራል።

የእጅ ቅደም ተከተል

ምግባችን በእጅ የሚበላ በመሆኑ ቅደም ተከተሉ ልዩ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከምግብ በፊት እጅን በሳሙና ቢያንስ ለ20 ሰከንድ መታጠብ የተለመደ ሆኗል፤ ታጥቦ ተቀምጦ ስልክ መነካካት ግን ትጥበቱን ያበላሻል። ከምግብ በኋላም የሚታለፍ ነገር አለ። ተመጋቢው እጁን ታጥቦ ሂሳብ ይከፍላል፣ መልስ ይቆጥራል፣ በዚያው እጁ ጭምብሉን አንሥቶ አፍንጫው ላይ ያደርጋል። ስለዚህ ጭምብሉን ታጥቦ እንደተመለሰ፣ ሂሳብ ከመጥራቱ በፊት ማድረግ፣ ከፍሎ ሲጨርስ ደግሞ እጁን በድጋሚ መታጠብ ወይም ቢያንስ 60 በመቶ አልኮል ባለው ሳኒታይዘር ማሸት ይኖርበታል። ብር ሲቆጥሩ ጣትን በምራቅ ማራስ ለከፋዩም ለገንዘብ ተቀባዩም የሚቀር ልማድ ነው፤ ውሃ የነካ ስፖንጅ ያንኑ ሥራ ይሠራል። ኖትን በበረኪና መንከር ወይም በአልኮል መርጨት አያስፈልግም፤ ብሩን ያበላሻል፣ በረኪናው ቆዳንና መተንፈሻን ይጎዳል፣ የሚታጠበውም ብሩ ሳይሆን እጅ ነው።

ምግብ ቤቶች ጥሬ ገንዘብ አንቀበልም ከማለት ሊቆጠቡ ይገባል። አረጋውያን፣ የቀን ሠራተኞች፣ ስልካቸው ለሞባይል ክፍያ የማይመች ደንበኞች የሚከፍሉት በብር ነው፤ ብርም የአገሪቱ ሕጋዊ መገበያያ ነው። ገንዘብን ከእጅ ወደ እጅ ከማቀባበል በትሪ ላይ ማኖር በቂ ነው።

በዚህ ሁሉ መካከል ከማንም በላይ የተጋለጠው አስተናጋጁ ነው፦ ደንበኛው ለአንድ ሰዓት ጭምብሉን ሲያወልቅ እርሱ ቀኑን ሙሉ ጭምብል ካወለቁ ሰዎች መካከል ይመላለሳል። ከተቻለ ገንዘብ የሚቀበለውና እንጀራ የሚያቀርበው ሰው የተለያዩ ይሁኑ፤ ካልተቻለ በሁለቱ ሥራዎች መካከል እጅ የሚታጠብበት ውሃና ሳሙና በቅርብ ይዘጋጅ። ጓንት ይህን አይተካም፤ ብር የተቀበለ ጓንት እንጀራ ሲያነሣ ከባዶ እጅ የተሻለ አይደለም። በሞባይል የሚከፈለው ጉርሻ ወደ ድርጅቱ ሂሳብ የሚገባ ከሆነ አሠሪው ለአስተናጋጁ የሚያደርስበትን መንገድ አስቀድሞ ያብጅ፤ አለበለዚያ ለጤና ተብሎ የተጀመረው ክፍያ የዕለት ገቢውን ይቀንስበታል። ትኩሳት፣ ሳል ወይም የመተንፈስ ችግር የታየበት ሠራተኛም ደመወዙ ሳይቆረጥ ከሥራ ገበታው ተለይቶ ወደ ነጻ የስልክ መስመር 8335 ወይም 952 እንዲደውል ይደረግ፤ ደመወዙ እንደሚቆረጥ የሚያውቅ ሰው ሕመሙን ደብቆ ወደ ሥራ ይመጣልና።