አንድ ነጥብ ለሁለት ሰው

ለቡድን ጥናት የተዘጋጀ ትምህርት
የንባብ ክፍል፦ መጽሐፈ መክብብ 4፥9-12

በዚህ እትም የምናጠናው ጠቢቡ ስለ ሁለት ሰዎች ድካም የተናገረውን ነው። አንድ ሰው ብቻውን ከሚደክም ሁለት ሆነው ቢደክሙ እንደሚሻል፣ አንዱ ቢወድቅ ሌላው እንደሚያነሣው ያስተምረናል። ክፍሉን አስቀድማችሁ በየግላችሁ አንብቡት።

ነገሩን በዓይናችን እንደምናየው ያህል እንዲገባን የአንዲት ስፖርተኛ የሥራ ዘመን እንመለከታለን። ስሟ አልዮና ሳቭቼንኮ ይባላል። የተወለደችው በዩክሬን ነው፤ የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘችው ግን ለጀርመን ተወዳድራ ነው። ዓመታቱን ሁሉ የጻፍነው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ስፖርቱ ምን ዓይነት ነው?

በቴሌቪዥን አይታችሁት ይሆናል። አንድ ወንድና አንዲት ሴት፣ ከሥሩ ቀጭን የብረት ስለት ያለው ጫማ አድርገው፣ በበረዶ ላይ በሙዚቃ እየተንሸራተቱ ይወዳደራሉ። ሲያዩት ጭፈራ ይመስላል፤ ሥራው ግን ከባድና አደገኛ ነው። ወንዱ እየተንሸራተተ ሴቲቱን ከራሱ በላይ ያነሣታል። ደግሞ ወገቧን ይዞ ይወረውራታል፤ እርሷም አየር ላይ ሦስት ጊዜ ተሽከርክራ በአንድ እግሯ ብቻ በረዶው ላይ ታርፋለች። ሌላ ጊዜ ደግሞ ጎን ለጎን ሆነው ሁለቱም በአንድ ቅጽበት ይዘላሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። የሚወረውረው እርሱ ነው፤ የምታርፈው ግን እርሷ ናት። እርሱ ሊያርፍላት አይችልም፤ እርሷም ራሷን ልትወረውር አትችልም። ዳኞቹ ደግሞ ለእርሱ ይህን ያህል፣ ለእርሷ ይህን ያህል ብለው ለየብቻ አይሰጡም። ነጥቡ አንድ ነው። እርሱ ቢሳሳት የሚጎዱት ሁለቱም ናቸው፤ እርሷ ብትወድቅም እንዲሁ ነው።

የአልዮና የሥራ ዘመን

አልዮና በ1984 ከኪየቭ ከተማ በስተ ደቡብ በምትገኘው ኦቡኪቭ ተወለደች። በረዶ ላይ መንሸራተት የጀመረችው ገና በሕፃንነቷ ነው። ከስታኒስላቭ ሞሮዞቭ ጋር ተጣምራ በ2000 የዓለም ወጣቶች ሻምፒዮን ሆነች። በ2002 በሶልት ሌክ ሲቲ ኦሊምፒክ 15ኛ ወጡ። በዚያው ዓመት ግን ጥምረታቸው ፈረሰ። በዚህ ውድድር ጥንድ የሌለው ሰው ምንም ያህል ጎበዝ ቢሆን ሜዳ አይገባም።

ስለዚህ በ2003፣ በ19 ዓመቷ፣ አገሯን ትታ ወደ ጀርመን፣ ኬምኒትዝ ወደምትባል ከተማ ሄደች። በዚያ አሠልጣኙ ኢንጎ ሽቶየር ከሮቢን ሾልኮቪ ጋር አጣመራት። ሮቢን እናቱ ጀርመናዊት፣ አባቱ ታንዛኒያዊ ነው። ሁለቱ ለጀርመን አብረው መወዳደር ጀመሩ። ነገር ግን በኦሊምፒክ ለመሳተፍ ሁለቱም የአንድ አገር ዜጎች መሆን ነበረባቸው። የአልዮና ዜግነት የተሰጠው በታኅሣሥ 29 ቀን 2005 ነው፤ የቱሪን ኦሊምፒክ ሊጀመር የቀረው ስድስት ሳምንት ያህል ብቻ ነበር። በዚያ ውድድር 6ኛ ወጡ።

ከዚያ በኋላ በ2008፣ በ2009፣ በ2011፣ በ2012 እና በ2014 አምስት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ሆኑ። የኦሊምፒክ ወርቅ ግን እምቢ አለ። በ2010 በቫንኩቨር ነሐስ አገኙ። በ2014 በሶቺ በመጀመሪያው ቀን ሁለተኛ ነበሩ፤ በሁለተኛው ቀን አንድ ጊዜ እርሱ ወደቀ፣ አንድ ጊዜ እርሷ ወደቀች። ዳግመኛ ነሐስ ሆነ። በዚያው ዓመት ሮቢን ውድድር አቆመ።

አልዮና 30 ዓመቷ ነበር። ብታቆም ማንም አይፈርድባትም ነበር። እርሷ ግን ከፈረንሳዊው ብሩኖ ማሶ ጋር ከመጀመሪያው ጀመረች። የብሩኖ ጉዳይ ደግሞ ሌላ ፈተና ነበረው። ለጀርመን እንዲወዳደር የፈረንሳይ ፌዴሬሽን መልቀቂያ መስጠት ነበረበት፤ መልቀቂያው እስከ 2015 መኸር ድረስ ዘገየ፤ የተገኘውም ክፍያ ተከፍሎበት ነው። በዚህ ምክንያት አንድ ሙሉ የውድድር ዘመን አለፋቸው። ለዜግነቱ የጀርመንኛ ፈተና ነበረበት፤ መጀመሪያ አልተሳካለትም፤ ደግሞ አጠና። ዜግነቱን ያገኘው በኅዳር 2017፣ ኦሊምፒኩ ሦስት ወር ሳይሞላው ሲቀር ነው።

የፒዮንግቻንግ ሁለት ቀናት

በየካቲት 2018 በደቡብ ኮሪያ በፒዮንግቻንግ ኦሊምፒክ ተካፈሉ። ለአልዮና አምስተኛዋ ነበር፤ ዕድሜዋም 34 ደርሷል። ውድድሩ ሁለት ክፍል አለው፤ አጭሩ በመጀመሪያው ቀን፣ ረጅሙ በማግስቱ። በመጀመሪያው ቀን ጎን ለጎን ሲዘሉ ብሩኖ ሦስት ጊዜ መሽከርከር ሲገባው ሁለት ጊዜ ብቻ ተሽከረከረ። አልዮና የድርሻዋን በትክክል ሠርታ ነበር። ነጥቡ ግን የጋራ ነውና በ76.59 አራተኛ ሆኑ። አንደኛ የሆኑት ቻይናውያን ሱዪ ዌንጂንግና ሃን ኮንግ 82.39 ነበራቸው።

እህቶች ሆይ፣ የዚያችን ሌሊት ነገር እናስብ። አምስት ኦሊምፒክ፣ ሁለት አገር፣ ሦስት ጥንድ፤ በመጨረሻ የሌላ ሰው ስሕተት አራተኛ አደረጋት። ግን ደግሞ ሌላው ነገር አለ። የተሳሳተው ሰው እጆች በማግስቱ እርሷን ከራሱ በላይ የሚያነሡ፣ አየር ላይ የሚወረውሩ እጆች ናቸው። ማታ በስድብ ያንቀጠቀጠችው እጅ ጠዋት እንዴት በጽናት ይይዛታል?

በማግስቱ አብረው ወጡ። አንድም ጊዜ ሳይወድቁ ጨረሱ። 159.31 ተሰጣቸው፤ በጊዜው በዓለም ከተሰጠው ሁሉ የሚበልጥ ነበር። ቻይናውያኑ ገና ስላልወጡ ተቀምጠው ጠበቁ። በመጨረሻ ድምሩ 235.90 ለ235.47 ሆነ። ልዩነቱ 0.43 ብቻ። ከ1952 ወዲህ በጥንድ ውድድር ለጀርመን የመጣ የመጀመሪያው የኦሊምፒክ ወርቅ ነበር።

ምን እንማራለን?

1ኛ. የወደቀውን ማንሣት ለራስም ነው። በአንድ ክፍል አብረን የምንኖር፣ የቤት ኪራይ የምንጋራ፣ በአንድ ቤት ሁለት ሆነን የምንሠራ አለን። አንዷ ልብስ ብታቃጥል ማዳም የምትቆጣው ሁለታችንን ነው። የዚያን ጊዜ «እኔ አይደለሁም፣ እርሷ ናት» ማለት ይቀናል። እውነትም ሊሆን ይችላል፤ አልዮናም አልተሳሳተችም ነበር። ስሕተት አይነገር ማለታችን አይደለም። ብሩኖ የት እንደተሳሳተ ሁለቱም ያውቃሉ፤ በማግስቱ የተስተካከለውም ስለሚያውቁት ነው። ነገር ግን ማረም ሌላ ነው፣ ማዋረድ ሌላ ነው። ያዋረድናት እህት ነገ ስንታመም ሾርባ የምታሞቅልን ያችው ናት።

2ኛ. መተማመን በደረጃ ይሠራል። እነዚህ ስፖርተኞች ማንሣትን መጀመሪያ የሚለማመዱት በደረቅ ወለል ላይ ነው። መወርወርንም በአንድ ዙር ጀምረው ወደ ሁለት፣ ከዚያ ወደ ሦስት ያሳድጉታል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው ነው። እኛ ግን አንዳንዴ በአንድ ሳምንት ለተዋወቅናት ሰው የዓመት ደመወዛችንን አደራ እንሰጣለን። በስልክ ብቻ የምናውቀው ሰው የተሻለ ሥራ አለ ሲለን ከቤት እንወጣለን። በትንሹ ያልፈተንነውን ሰው በትልቁ አንመን። ይህ ክፋት አይደለም፣ ጥበብ ነው።

3ኛ. ወረቀት ሲዘገይ እጅ አያርፍም። መልቀቂያ፣ ዜግነት፣ የቋንቋ ፈተና፤ እነዚህ ቃላት ኢቃማ ለምንጠብቅ ለእኛ እንግዳ አይደሉም። በእርግጥ የእነርሱ መጠበቅና የእኛ መጠበቅ እኩል አይደለም፤ እነርሱ ልምምዳቸውን የሚከለክል አልነበረም። ቢሆንም በተከለከሉበት የውድድር ዘመን ልምምዱን ባይሠሩ ኖሮ ወረቀቱ ሲመጣ ባዶ እጃቸውን ባገኛቸው ነበር። በቀን አምስት የአረብኛ ቃል መያዝ፣ የራስን ደመወዝና ቀን በደብተር መጻፍ፣ ማንም ወረቀት ሳይሰጠን ልንጀምረው የምንችል ነው።

ጥንቃቄ

ይህን ትምህርት በተሳሳተ ቦታ እንዳናውለው እንጠንቀቅ። ጥንድ የሚባለው አብሮ የሚወድቅና አብሮ የሚነሣ ነው። ደመወዝ የሚከለክል፣ የሚመታ ወይም ፓስፖርት የሚደብቅ ሰው ጥንዳችን አይደለም። እህት ሆይ፣ እንዲህ ያለውን በደል «መታገሥ አለብኝ» ብለሽ ብቻሽን አትሸከሚው። ለምታምኚያት እህት ወይም ለቤተ ክርስቲያን አገልጋዮች ንገሪ። ጠቢቡ ብቻውን ሆኖ ለሚወድቅ ሰው ያዘነው ለዚህ ነው።

ደግሞም የደከመ ሁሉ ወርቅ ያገኛል አንላችሁም። 0.43 ወደ ሌላው ቢያዘነብል አልዮና ሁለተኛ ነበረች፤ የማግስቱ ሥራቸው ግን ያው መልካም ሥራ ነበር። እግዚአብሔርም የሚመለከተው ሥራችንን እንጂ ያደረግነውን ሜዳልያ አይደለም።

ለውይይት

በዕረፍት ቀናችሁ ስትሰበሰቡ በእነዚህ ጥያቄዎች ተወያዩ።

1. በሌላ ሰው ስሕተት ተቆጥተውኝ ያውቃሉ? ያን ጊዜ ለእርሷ ምን አልኳት?
2. በእኔ ስሕተት የተጎዳች እህት አለች? ይቅርታ ጠይቄአታለሁ?
3. ገንዘቤን ወይም ምስጢሬን የማምናት ሰው በምን በምን ተፈትናለች?
4. በዙሪያችን ብቻዋን ሆና የወደቀች እህት ማን ናት? በዚህ ሳምንት ማን ይደውልላት?

ጸሎት

አቤቱ አምላካችን፣ በሰው አገር ብቻችንን አልተውከንምና እናመሰግንሃለን። እህታችን ስትወድቅ የሚያነሣ እጅ፣ እኛ ስንወድቅም እጅ የምንቀበልበት ትሑት ልብ ስጠን። በተዘጋ በር ውስጥ ያሉትን እህቶቻችንን አስብ። አሜን።